ሞተሯ ስላንኳኳች ብቻ ሞተር አይወርድም

ጥያቄው ከሞጣ ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ ከአባቴ የወረስኳት አሮጌ ሎንግ ቤዝ ላንድክሩዘር አለችኝ። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ ነው። ከአንድ ወር ወዲህ ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ እየለቀቀች ቀጭ ቀጭ ትላለች። ስትሞቅ ጭሱ ይጠፋል፤ ድምፁ ግን ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ ኳ ኳ ወደሚል ይለወጣል። የዘይት መብራት በርቶ አያውቅም። ድምፁ ከመጀመሩ በፊት ማደያ ናፍጣ ጠፍቶ ከበርሜል ገዝቼ ነበር። አንዱ መካኒክ ‹ብሮንዚና በልታለች፣ ሞተር ይውረድ› አለኝ። ሌላው ‹ኖዝል ነው› አለኝ። እጄ ላይ ያለው ገንዘብ ለኖዝሉ ይበቃል፤ ለሞተሩ ግን መበደር አለብኝ። በዚያ ላይ በቅርቡ አባይ በረሃን አቋርጬ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ብድሩን ለጊዜው ተወው፤ የአዲስ አበባውንም መንገድ አቆየው። የነገርከኝን ምልክቶች አንድ ላይ ሳያቸው ጥርጣሬዬ ወደ ሁለተኛው መካኒክ ያደላል፤ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ ወደሚረጨው ወደ ኖዝሉ ማለት ነው። ድምፁ የጀመረው ከበርሜሉ ናፍጣ በኋላ ነው። ጠዋት ነጭ ጭስ አለ። ሲሞቅ ይቀንሳል። ጭሱ ዓይን የሚያቃጥል የናፍጣ ሽታ ካለው ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። የተበላ ብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ በዘይት ላይ የሚዞርበት ስስ የብረት ትራስ) ጭስ አያመጣም፤ ሞተሩ ሲሞቅም ዘይቱ ስለሚቀጥን ድምፁ ይብስበታል እንጂ አይቀንስም። ያንተዋ ተቃራኒውን ነው የምታደርገው።

ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም። ኖዝል አሠርተህ ድምፁ እዚያው ከቀረ ያለህን ጨርሰህ ባዶ እጅህን ትቀራለህ። የዘይት መብራት አለመብራቱንም እንደ ዋስትና አትቁጠረው፤ መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ከሞላ ጎደል ሲጠፋ ነው፤ ብሮንዚና መበላት ከጀመረ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሳይበራ ይቆያል። ስለዚህ ለማንም ሳንቲም ከመክፈልህ በፊት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ራስህ ለይተህ እወቅ። ይህን ለማወቅ ሞተር መፍታት አያስፈልግም። በተለይ በዚህ ሞተር ላይ አያስፈልግም፤ 4,164 ሲሲ፣ ስድስት ፒስተን በአንድ መስመር፣ ኮምፒውተር የሌለው፣ ናፍጣውን በሜካኒካል ፖምፓ የሚረጭ ሞተር ነው። ጆሮና ቁልፍ ይበቁታል።

መጀመሪያ ምንም የማያስወጣህን አድርግ። ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሳ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጣና እየው። ዘይቱ ከልኩ በታች ከሆነ ሙላ፤ ከልኩ በላይ ሆኖ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ግን ናፍጣ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) እየወረደ ነው፤ ይህ ራሱ የማይዘጋ ኖዝል መኖሩን የሚያሳይ አንድ ምልክት ነው። ናፍጣ የገባበት ዘይት ስለሚቀጥን ብሮንዚናውን ይበላል፤ የኖዝል ችግር ችላ ሲባል ወደ ብሮንዚና ችግር የሚያድገው በዚህ መንገድ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

ቀጥለህ የናፍጣ ፊልትሮውን ከታች ያለውን ማፍሰሻ ፈትተህ በንጹሕ ብርጭቆ ወይም በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ተቀበለው። ያንን ጠርሙስ ሳትነካው አንድ ሌሊት አሳድረው። ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀል ውሃው ከታች ተለይቶ መስመር ሠርቶ ታየዋለህ፤ ዝገትና አሸዋ ካለም ከሥሩ ይዘቅጣል። ከበርሜል የተቀዳ ናፍጣ ውሃም ዝገትም ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ላምባ የተቀላቀለበትም ያጋጥማል። ላምባ ከናፍጣ ያነሰ ቅባት ስላለው ፖምፓውንና ኖዝሉን ያደርቃቸዋል። ቆሻሻ ካየህ የናፍጣ ፊልትሮውን ቀይር፤ ታንከሩንም አስጠርግ። ታንከሩ ሳይጠረግ ኖዝል ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው፤ የተሠራው ኖዝል በዚያው ቆሻሻ ተመልሶ ይበላሻል።

አሁን ወደ ድምፁ። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ) ሲሠራ ዜማውን ተከተል። ይህ ሞተር በሚኒሞ በደቂቃ 650 ዙር አካባቢ ይዞራል፤ በሰከንድ 11 ዙር ገደማ ማለት ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍቱ ግን ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ሁለት ጊዜ ሲዞር እሱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚዞረው። ስለዚህ የአንድ ቫልቭም ሆነ የአንድ ኖዝል ድምፅ በሰከንድ 5 ጊዜ ገደማ ይመታል። ይህን በጣትህ እያንኳኳህ መከተል ትችላለህ። 11 ጊዜ የሚመታውን ግን በጣት መከተል ያስቸግራል፤ ተያይዞ ነው የሚሰማው። በጣትህ መከተል ከቻልክ ችግሩ ከቫልቭ ወይም ከናፍጣ በኩል ሳይሆን አይቀርም። ተያይዞ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ በኮሎው ፍጥነት ወይም ከዚያ በላይ የሚዞር ነገር ነው፤ ፑሌጃ፣ ቮላኖ፣ ዲናሞ፣ አንዳንዴም ብሮንዚና። ይህ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ የት ማየት እንደሚገባህ ግን ያመለክትሃል።

ቦታውን ለመለየት ረጅም ካቻቪቴ በቂ ነው። ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳርፈህ እጀታውን ከጆሮህ ፊት ካለው አጥንት ላይ አስጠጋው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ከፊት ወደ ኋላ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ትይዩ እየሄድክ አዳምጥ፤ ከዚያ ወደ ብሎኩ ጎን ውረድ፤ ከዚያ ኮፓው። ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑንም ንካቸው። ጎልቶ የሚሰማበት ቦታ ምንጩ ወይም የምንጩ ጎረቤት ነው። ይህን ስታደርግ ጋቢህን፣ ሻርፕህን አውልቅ፤ እጅጌህን ጠቅልል፤ ማራገቢያው አጠገብ ራስህን አታስገባ። የሚዞር ማራገቢያ ጨርቅ ከያዘ ሰውን ይዞ ነው የሚገባው።

ዋናው ፈተና የሚከተለው ነው፤ በደንብ አንብበው። ከፖምፓው ወደ ስድስቱ ኖዝሎች የሚሄዱ ስድስት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች አሉ። እያንዳንዱ ኖዝሉ ላይ በ17 ቁልፍ በሚፈታ ዳዶ ታስሯል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የመጀመሪያውን ዳዶ ግማሽ ዙር ያህል አላላው። ናፍጣው በዳዶው ሥር ስለሚፈስ ያ ሲሊንደር ሥራ ያቆማል። ድምፁንና የሞተሩን ዙር አዳምጥ፤ ከዚያ አጥብቀህ ወደ ቀጣዩ ሂድ። ዳዶውን በጨርቅ ሸፍነው፤ መነጽር አድርግ፤ ጣትህን ፈጽሞ የሚረጨው ናፍጣ ፊት አታድርግ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሐኪም ቤት የሚያስኬድ፣ ጣት የሚያስቆርጥ ጉዳት ነው።

ውጤቱን እንዲህ ተርጉመው። ጤነኛ ሲሊንደር ሲላላ ሞተሩ ይደክማል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ ግን እዚያው ነው። አንዱን ስታላላ ሞተሩ ምንም ካልደከመ ያ ሲሊንደር ቀድሞም አይሠራም ነበር፤ ወይ ኖዝሉ ነው፣ ወይ መታመቂያው (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) ወርዷል። አንዱን ስታላላ ግን ያ ኳ ኳ የሚለው ድምፅ ከጠፋ ወይም ግልጽ ሆኖ ከለዘበ ችግሩ ያለበትን ሲሊንደር አገኘኸው። ቁጥሩን ጻፈው፤ ከራዲያተሩ በኩል 1 ብለህ ጀምር።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ድምፁ ጠፋ ማለት ኖዝል ነው ማለት አይደለም። የቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚና የተበላበት ሲሊንደርም ናፍጣ ሲቆረጥበት ድምፁ ይለዝባል፤ ከላይ የሚመታው ግፊት ስለሚቀርለት ነው። ሁለቱ የሚለዩት በማቀያየር ነው። ድምፁ ያለበትን ኖዝል ፍታና ድምፅ ከሌለው ሲሊንደር ኖዝል ጋር ቦታ አቀያይራቸው። ከዚያ ፈተናውን ድገመው። ድምፁ ከኖዝሉ ጋር ወደ አዲሱ ሲሊንደር ከሄደ ኖዝል ነው፤ ሞተርህ ደኅና ነው፤ ብድር የለም። ድምፁ በቀድሞው ሲሊንደር ከቀረ ግን ኖዝሉን ተወው፤ ችግሩ ከታች ነው። ለዚህ ሥራ የምታወጣው ከኖዝሎቹ ሥር ለሚገቡት የመዳብ ሮንዴላዎች ብቻ ነው። አሮጌውን ሮንዴላ መልሰህ አትግጠም፤ ጋዝ ያስወጣና ጠቅ ጠቅ የሚል ሌላ ድምፅ ይፈጥርብሃል፤ ከኖዝሉ ሥርም ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ነገር ይከማቻል። ያንተ ኖዝሎች ሥር አሁንም እንዲህ ያለ ጥቁር ነገር ካለ እዚያው ይፈተሽ። ኖዝል ስትፈታና ስትገጥም አካባቢውን አስቀድመህ በአየር ወይም በብሩሽ አጽዳ፤ አንዲት አሸዋ ወደ ውስጥ ብትገባ ሌላ ጣጣ ናት።

ኖዝሉ ሆኖ ከተገኘ ስድስቱንም ይዘህ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ የኖዝል መፈተሻ ማሽን ያለበት ቤት ሂድ። ስድስቱንም በማሽን እንዲፈትኑልህና አንተ ፊት እንዲያሳዩህ ጠይቅ። ደኅና ኖዝል 150 ባር አካባቢ ሲደርስ ጭጋግ የመሰለ ቀጭን ርጭት ይሰጣል፤ ከመርጨቱ በፊትም በኋላም ጫፉ አይንጠባጠብም። የሚንጠባጠበው ወይም እንደ ቧንቧ ቀጥ ብሎ የሚፈሰው ነው ያንተ ጠላት። የተበላሸውን ብቻ ቀይር፤ የቀሩት አጽድተው ግፊታቸውን ካስተካከሉላቸው ይበቃሉ። ጫፉን በሽቦ ብሩሽ የሚፈትግ ሰው ካየህ ኖዝልህን ተቀብለህ ውጣ። ያ ቀዳዳ በጣም ስስ ልክ ነው።

ከዚህ ጋር የጠዋቱን ነጭ ጭስ አንርሳው። የማሞቂያ ካንዴላዎቹን መፈተሽ ቀላል ነው፦ ካንዴላዎቹን የሚያገናኘውን ቆርቆሮ አንሳ፤ የመኪናህን ቮልት የሚስማማ አምፖል አንዱን ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከካንዴላው ራስ ጋር አገናኝ። ከበራ ካንዴላው ይሠራል፤ ካልበራ ተቃጥሏል። እነዚህ መኪናዎች 12 ቮልትም 24 ቮልትም አሉ፤ ካንዴላ ከመግዛትህ በፊት የራስህን አረጋግጥ። ጮቄ ሥር ባለ ብርዳማ አገር ሁለት ካንዴላ ሞቶ ሞተር ጠዋት ቢያንኳኳና ነጭ ቢያጨስ የሚደንቅ አይደለም፤ ሲሞቅ ድምፁ ሙሉ በሙሉ መጥፋት ነበረበት እንጂ።

ቫልቭ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ከሚያስበው የተለየ ነገር ልንገርህ። ቫልቭ የሚያንኳኳው ክፍተቱ ሲሰፋ ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ ግን የቫልቭ መቀመጫው እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ ይጠባል። የጠበበ ቫልቭ ድምፅ የለውም። ሳይዘጋ ይቀርና በቀዝቃዛ ሞተር መታመቂያውን ያወርደዋል፤ ጠዋት አስቸጋሪ ማስነሳትና ነጭ ጭስ ያመጣል፤ በኋላም ቫልቩ ይቃጠላል። ልኩ በቀዝቃዛ ሞተር ለአስገቢው ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊሜትር፣ ለአስወጪው ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊሜትር ነው። የሚስተካከለው ከላይ ባለው ውፍረቱ በሚለያይ ክብ ቆርቆሮ ስለሆነ ትዕግሥተኛ እጅ ይፈልጋል። ለዓመታት ካልታየ ኖዝሉ ከወጣ አይቀር አብሮ ይለካ።

መታመቂያ ሲለኩልህ ተጠንቀቅ። ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ የፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ግን ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። ጤነኛ ሞተር እዚያ ሲለካ ዝቅ ብሎ መታየቱ ተፈጥሯዊ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተር ይከፈት» የሚልህን አትስማ። መታየት ያለበት የስድስቱ ልዩነት ነው፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ከ5 ባር በላይ ካልተራራቁ ለአሮጌ ሞተር ደኅና ነው። በዚሁ የከፍታ ነገር ላይ፣ ዳገት ላይ ጉልበት አነሳት ብሎ ፖምፓውን ያዞረ ወይም የናፍጣ ቡሎኑን የፈታ ሰው እንደነበረ አባትህን የሚያውቁ መካኒኮችን ጠይቅ። ፖምፓው ወደፊት ከተዞረ ናፍጣው ቀድሞ ይረጫል፤ ስድስቱም ሲሊንደር በአንድነት ደረቅ ብረት የሚቀጠቀጥ ዓይነት ድምፅ ያሰማሉ፤ አንዱን ዳዶ ብታላላው አንዱ ብቻ ይቀንሳል እንጂ ድምፁ አይጠፋም። አየር በሳሳበት አገር ናፍጣ መጨመር ደግሞ ጥቁር ጭስና ሙቀት እንጂ ጉልበት አይጨምርም።

ብሮንዚናን በትክክል እንወቀው፤ አንዱ መካኒክህ ያለው እሱን ነውና። የቢየላ ብሮንዚና ድምፅ ከባድ ነው፤ ከኮፓው ነው የሚመጣው። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ይብሳል። ቆመህ ዙሩን ወደ 2,000 አካባቢ አድርሰህ እግርህን ቀስ ብለህ ስታነሳ፣ በዚያች መሸጋገሪያ ላይ ጎልቶ ይሰማል። ዋናው የኮሎ ብሮንዚና ደግሞ ይበልጥ የታፈነ ነው፤ ሙቀጫ ውስጥ ዘነዘና ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው፤ መሬቱ ላይ ቆመህ በእግርህ የምትሰማው ያህል ነው፤ ጭነት ሲከብድ ይወጣል። ጠዋት የሚሰማ፣ ሲሞቅ የሚለቅ ባዶ ድምፅ ደግሞ የፒስተን መወዛወዝ ሊሆን ይችላል፤ አሮጌ ሞተር በዚህ ድምፅ ዘይቱ በጊዜው እየተቀየረ ብዙ ሊሠራ ይችላል።

ማስረጃውን የምታገኘው ከዘይት ፊልትሮው ነው። ዘይት ስትቀይር (መቀየርህ አይቀርም) አሮጌውን ፊልትሮ አትጣለው። በቆርቆሮ መቀስ ዙሪያውን ቁረጠው፤ በመጋዝ ከቆረጥከው የመጋዙ ብናኝ ይገባና ያሳስትሃል። ውስጡ ያለውን የታጠፈ ወረቀት አውጥተህ ዘርጋው፤ ጨምቀው፤ ፀሐይ ላይ አንጋለህ እየው። ጥላሸት ችግር የለውም። የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ካለ ማግኔት አስጠጋበት። ማግኔቱ የሳበው ብረት ነው። ማግኔት የማይስበው ብርማ ወይም የመዳብ ቀለም ያለው ስስ ቅርፊት ግን የብሮንዚና ሥጋ ነው። በጣት ስታሸው የሚሰማህ ያህል ቅርፊት ካገኘህ የመጀመሪያው መካኒክ ልክ ነበር፤ ሞተሩን በዚያው አጥፋ፤ ጎትተህ ውሰዳት። ንጹሕ ከሆነ ብሮንዚና የሚለውን ወሬ ለጊዜው ዝጋው።

ብሮንዚና ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሞተር ሙሉ በሙሉ መውረድ አለበት ማለት አይደለም። መጀመሪያ ኮፓው ይውረድ፤ የዚያ ሲሊንደር ቢየላ ክዳን ይፈታ። የኮሎው ገጽ መስታወት ከመሰለ፣ ጥፍር የሚይዘው ጭረት ከሌለው፣ በማይክሮሜትር ሲለካም ክብነቱ ካልተበላሸ አዲስ ብሮንዚና በልኩ ገጥሞ መሄድ ይቻላል። ከተጫረ ግን ኮሎው ወጥቶ ማሽን መግባት አለበት፤ ያኔ ነው ብድር የሚያስፈልግህ። ከብሮንዚናው ጀርባ ወረቀት ወይም ቆርቆሮ ሸጉጦ ላጥብቀው የሚልህን እሺ አትበለው። ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይጠፋል፤ ከዚያ ቢየላው ብሎኩን በስቶ ይወጣል። ወፍራም ዘይት ጨምሮ ድምፅ ማዳፈንም እንደዚያው ነው፤ መኪና የሚሸጡ ሰዎች የሚያደርጉት ነው።

ብሮንዚና እየመሰሉ ሰው ሞተር ያስፈቱ ሌሎች ድምፆች አሉ፤ በፍጥነት እንያቸው። የኮሎው የፊት ፑሌጃ ቡሎኑ ከላላ ዋና ብሮንዚና የተበላ ነው የሚያስብል ከባድ ድምፅ ያሰማል፤ ሞተሩ ጠፍቶ በእጅህ ወዘወዘው። ፍሪሲዮን ስትረግጥ የሚጠፋ መንቀጫቀጭ የካምቢዮው ነው፤ ስትረግጥ የሚመጣ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው፤ ሁለቱም ከሞተሩ ውስጥ አይደሉም። የጭስ ማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ከተበሳ ቀዝቃዛ ሳለ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ሲሞቅ ብረቱ ስለሚለጠጥ ይቀንሳል፤ ዳገት ላይ ተመልሶ ይጮኻል። ያንተ ድምፅ በከፊል ይህንን ስለሚመስል ማኒፎልዱ ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ጥቁር የጥላሸት ምልክት መኖሩን በባትሪ መብራት እይ። ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑንና ማራገቢያውን አንድ ላይ ለማጣራት ቺንጋዎቹን አውልቀህ ቀዝቃዛውን ሞተር ለአጭር ጊዜ አስነሳ፤ 1 ደቂቃ እንዳታልፍ፣ ውሃው አይዞርምና። ድምፁ ከጠፋ ሞተሩን አትንካ። ይህን የሚያነብ የሃይሉክስ ባለቤት ካለ ደግሞ፣ ከዲናሞው ጀርባ ያለችው የፍሬን ቫኪዩም ፓምፕ ስታረጅ የምታሰማው ድምፅ ብዙ ሰው አታሏል።

አሁን ገንዘብህን በምን ተራ እንደምታወጣ። ማንኛውም ምርመራ ምንም ቢል፣ ታይሚንግ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ የማታውቅ ከሆነ እሱ ይቅደም። ዕድሜው 100,000 ኪሎሜትር ነው፤ አባትህ ስለቀየሩት ማስታወሻ ከሌለ እንዳለቀ ቁጠረው። ካምሻፍቱን የሚያዞረው እሱ ነው፤ ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታዋል፤ ያን ጊዜ ዛሬ የፈራኸው ወጪ በእርግጥ ይመጣል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የሚወጥረውን ኩሽኔታም አብረህ ቀይር፤ ከፊት ሽፋኑ ሥር የሚያፏጭ ድምፅ ካለ እሱ ነው። ከዚያ የናፍጣ ፊልትሮና የታንከር ጠረጋ፤ ከዚያ 10 ሊትር ገደማ ዘይትና የዘይት ፊልትሮ፤ ከዚያ ኖዝሎቹ። ሁሉንም በአንድ ቀን አታድርግ። አንዱን ሠርተህ ድምፁን አዳምጥ፤ ካልሆነ የትኛው እንዳዳናት ሳታውቅ ትቀራለህ፤ ሲመለስም ከዜሮ ትጀምራለህ።

አባይ በረሃን በተመለከተ ቃሌ አጭር ነው፤ የዳዶው ፈተናና የፊልትሮው ወረቀት ሳይታይ አትውረድ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ከዚያ ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሙቀት፣ በጭነት መውጣት አለ። የሚንጠባጠብ ኖዝል እዚያ ዳገት ላይ የፒስተን ራስ ያቀልጣል፤ የተበላ ብሮንዚናም እዚያው ነው የሚለቀው። አስገዳጅ ጉዳይ ካለህ በአውቶቡስ ሂድ። እስከዚያው ሞጣ ውስጥ ባዶዋን ቀስ ብለህ ብትነዳት ችግር የለም፤ ሁለት ነገር ግን አስታውስ፦ የዘይት መብራት በሞቀ ሞተር ላይ ብልጭ ካለ፣ ወይም ድምፁ በድንገት ከብዶ ከተለወጠ፣ ቤት ለመድረስ አትሞክር፤ ባለህበት አጥፋ።

ፈተናውን ስትጨርስ ሦስት ነገር ጻፍልኝ፤ ድምፁ የለዘበው ስንት ቁጥር ላይ ነው፣ ኖዝሉን ስታቀያይር ድምፁ አብሮ ሄደ ወይስ ቀረ፣ ከፊልትሮው ወረቀት ላይ ምን አገኘህ። ፊልትሮውን ከቻልክ ፀሐይ ላይ ዘርግተህ ፎቶ አንሳው፤ ማግኔቱንም አጠገቡ አድርገው።